ከፊት የሚለጠፈው ፊልም

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአንዱአምላክ፣ ካሰል፣ ጀርመን

ከሰላምታዬ በፊት ይህን እወቅ፦ ከቴሌስኮፑ ጋር የላክኸውን፣ ከዓይን በኩል የሚጠመደውን ትንሽ ጥቁር መስታወት በድንጋይ ሰብሬዋለሁ። አልጠፋም፣ አልተሰረቀም። አስቤበት ነው የሰበርሁት። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

አሁን ሰላምታ። ክርስትና የተነሳህበት ደብር ታቦት በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ። እኛ ደኅና ነን። እናትህ ገብሷን አጭዳ ከምራለች፤ እኔም ጡረታዬን ይዤ መጽሐፌን እያገላበጥሁ አለሁ። ኢንተርኔት እንደሌለን ታውቃለህ፤ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይተኛል። ስለዚህ ቁም ነገሩን በደብዳቤ እናድርገው።

ቴሌስኮፑ ገሳይ፣ እናትህ ቤት በደኅና ደርሷል። ለተማርህበት ትምህርት ቤት ማሰብህ መልካም ነው። ክፍሎቹ ቁልፍ ስለሌላቸው ለጊዜው እሷ ዘንድ ይቀመጣል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር እየሄድሁ ልጆቹን ላስተምርበት ተስማምቻለሁ። ሳጥኑ በተከፈተ ዕለት ጎረቤታችሁ ዘውዱ መጥቶ ቱቦውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ወርቅነሽ፣ ልጅሽ የጭስ ማውጫ ላከልሽ» አላት። ፀሐይ የሚታይበት ነው ብትለው ደግሞ፣ «እስከ ዛሬ በምን ስትሞቂ ኖርሽ?» አለ። እናትህ ሳጥኑን መልሳ ከደነችው። የተሰማት ይመስለኛል።

አሁን ወደ መስታወቱ። ቴሌስኮፕ ሰፊ ብርሃን ሰብስቦ ወደ አንዲት ነጥብ ያመጣል። ቱቦውን ወደ ፀሐይ አዙሬ ከዓይን በኩል ወረቀት ብይዝ ወረቀቱ ወዲያው ጨሰ። ያንተ ጥቁር መስታወት የሚጠመደው እዚያው፣ እሳቱ ከሚሰበሰብበት አጠገብ ነው። መስታወት ሲግል ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚያይበት ሰው ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለውም። ሌባ የሚመለሰው ከበር ነው እንጂ ጓዳ ከገባ በኋላ አይደለም። ፀሐይም ወደ ቱቦው ሳትገባ፣ ከፊት፣ መቀነስ አለባት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳ ሲቃጠል ያማል። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል ግን አያምም። ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ለፀሐይ መመልከቻ ተብሎ የተሠራውን ስስ ፊልም፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ማቀፊያውን ከካርቶን እኔ እሠራለሁ። ፊልሙ እስኪደርስ ቴሌስኮፑን በከረጢቱ አስሬ አስቀምጬዋለሁ።

አጎትህ ገሰሰ


ካሰል፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ገሰሰ

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። አይቆጡኝና፣ ፋብሪካው ራሱ በመስታወቱ ላይ «ፀሐይ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ጀርመኖቹ የማይሆን ነገር አይሸጡም ብዬ ነው የላክሁት። በድንጋይ መሰበሩን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሽ ከፋኝ። ቢመልሱልኝ ይሻል ነበር። ግን እርስዎ ካሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የፊዚክስ ክፍልዎ ውስጥ ገመድ ሳልነቅል ጠመንጃ መፍቻ አንስቼ የቀመስኩትን ኩርኩም ዛሬም አልረሳሁትም።

ፊልሙን ፈልጌ እልካለሁ። እኔም ከእርስዎ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ሥራ ቦታ አብረውኝ የፖስታ እሽግ የሚለዩት ሰዎች ለቴሌስኮፑ አዋጥተዋል። ልጆቹ ተሰልፈው በቴሌስኮፑ ሲያዩ አንድ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ፣ ግድግዳው ላይ እለጥፍላቸዋለሁ። ቢቻል ስሜ ከበታች ቢጻፍ።

ለጥምቀት እመጣለሁ ያልኩት አልሆነም። የመኖሪያ ወረቀቴ ትንሽ ይቀረዋል። ለቡሄ ግን አልቀርም፣ ለእናቴ ይንገሩልኝ። ጤናዋስ እንዴት ነው? በስልክ ስጠይቃት «እኔ ምን እሆናለሁ» ብላ ስለ ከብቶቹ ታወራኛለች።

አክባሪዎ አንዱአምላክ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአንዱአምላክ

የጥምቀቱ በረከት ካለህበት ይድረስህ። ቂም አለመያዝህ ደስ ብሎኛል።

ማቀፊያውን ጀምሬዋለሁ። ከወፍራም ካርቶን ሁለት ቀለበት ቆርጫለሁ፤ ፊልሙ በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦውን የሚያቅፍ እጅጌ ጠቅልዬ ውስጡን በአሮጌ የሱፍ ጨርቅ ለበድሁት፤ ሲገባ የሚጠብቅ፣ ሲነቀል ግን የማያስቸግር እንዲሆን። የገሳይን ነፋስ ታውቀዋለህ። ሰው እያየ ማቀፊያው ከተነቀለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ስለዚህ በፕላስተር ከቱቦው ጋር አስረዋለሁ። ከጎን ያለችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ ነቅዬ ኪሴ ከትቻታለሁ፤ እሷም ታቃጥላለችና። ማነጣጠር የምችለው በጥላው ነው፦ መሬት ላይ ያረፈው የቱቦው ጥላ እያጠረ ሄዶ ክብ ብቻ ሲቀር፣ ቱቦው ፀሐይን አግኝቷል ማለት ነው። ይህንን ባዶ ሜዳ ላይ፣ አፉን በክዳኑ ከድኜ፣ ለእናትህ አሳይቻታለሁ። አንዴ አይታ ያዘችው። ከብዙ ተማሪዎቼ ትፈጥናለች።

የሰፈሩ ሰው ምክር አላጣም። አንዱ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ አንዱ የበያጅ መነፅር፣ አንዱ በሳፋ ውኃ ማየት ይለኛል። ሁሉንም አይሆንም አልሁ። ዘውዱ፣ «እንግዲህ ፀሐይ ከጀርመን እስክትመጣ እንጠብቅ» ብሏል።

ፊልሙን ስትገዛ «ለዓይን» የሚል እንጂ «ለፎቶግራፍ» የሚል አትውሰድ። ሁለቱ ይለያያሉ። እንዳትጠቀልለው፤ በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መሃል ላከው።

ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብሁላት። ቡሄ ላይ ስደርስ፣ «ስንተኛው ቡሄ?» አለችና ጥጆቹን ለማሰር ወጣች። ስለ ጤናዋ የጠየቅኸውን እሷን ጠይቃት። እኔ እንዳልመልስ ቃል አስገብታኛለች።

አጎትህ ገሰሰ


ካሰል፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ለዐቢይ ጾም በሰላም ያድርስዎ። ፊልሙን ገዝቼ ከትናንት ወዲያ ልኬያለሁ። «ለዓይን» ይላል፣ ሁለቴ አረጋግጫለሁ። የሚገርም ነገር ነው፤ ከከረሜላ ልባስ ይሳሳል፣ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ፊቴን አየሁበት። ይህ እንዴት ፀሐይን ያቆማል ብዬ መስኮት ላይ ይዤ አየሁ፤ ከጭጋጉ በስተቀር ምንም አልነበረም። እዚህ ፀሐይ ከታየች ብዙ ቀን ሆኗል።

ቀኑን ሙሉ የሰው እሽግ ስለይ እውላለሁ። የእኔ እሽግ በየትኛው አገር ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ እንደሆነ አስባለሁ። መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል ይላሉ። ሲደርስ እንዲያውቁ ለእናቴም ደውዬ እነግራታለሁ።

ጤናዋን ጠየቅኋት። «ደኅና ነኝ» አለች። ታዲያ እርስዎ ምን እንዳይመልሱ ነው ቃል የገቡላት?

አክባሪዎ አንዱአምላክ


ካሰል፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

መልስዎ ሳይደርሰኝ ደግሜ መጻፌ ደስ ስላለኝ ነው። ፊልሙ መድረሱን ከእናቴ ሰማሁ። ትናንት መስመሩ እየተቆራረጠም ቢሆን ተገናኘን። የተባባልነውን ልጻፍልዎ፤ ይስቃሉ።

«እማ፣ ፊልሙ ደረሰ ወይ?»

«የቱ ፊልም?»

«ከቴሌስኮፑ ፊት የሚለጠፈው ነዋ። ስስ የሆነው።»

«ጥቁሩን ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እሱን።»

«እሱማ ከቤት አለ። ከፍራሹ ሥር ዘርግቼ አስቀምጬዋለሁ፤ እንዳይታጠፍ።»

እንዳይታጠፍ ስትለኝ፣ አጎቴ መጥተው አስጠንቅቀዋት ሄደዋል ብዬ ሳቅሁ። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ለጥፋችሁ እዩበት» አልኳት። ዘውዱ እስከ ዛሬ እንደሚያሾፍባት ነገረችኝ። «ቅዳሜ ልጆቹ ይምጡ፣ ዘውዱም ይምጣና አፉን ይዝጋ» አለች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው።

እንግዲህ ፎቶውን እጠብቃለሁ። እሷንም ከልጆቹ ጋር ያቁሟት።

አክባሪዎ አንዱአምላክ


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአንዱአምላክ

የላክኸው ፊልምና የመጋቢት 19 ደብዳቤህ ሁለቱም ዛሬ፣ በአንድ ላይ፣ በእጄ ገቡ። ፊልሙ እንዳልኸው የብር መልክ አለው። እሽጉ አልተከፈተም።

ስለዚህ እናትህ «ከቤት አለ» ያለችህ ፊልም ይህ አይደለም።

መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ገሳይ ከሄድሁ ሰንብቻለሁ። ስልኳን ሞከርሁ፣ አይሠራም። ነገ መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘም በእግሬ እሄዳለሁ። አንተ ደግሞ አንድ ነገር መልስልኝ፦ ፊልሙ ጥቁር ነው ወይ ስትልህ አዎ ያልኸው ለምንድን ነው?

አጎትህ ገሰሰ


ካሰል፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ፊልሙ የብር መልክ እንዳለው አውቅ ነበር። መስመሩ ሊቋረጥ ሲል ነበር፤ ስለ ቀለም ከምንከራከር አዎ ብዬ አለፍኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለፋሲካ ደወልኩላት። «ደኅና ነኝ» አለችኝ። ፎቶውን ልጆቹ ተነሱት ወይ ስላት፣ «ዕቃው ተበላሽቷል» አለች። እንዴት ብላት ዘውዱን ጠራችና ስልኩን ሰጠችው። ዘውዱ አላሾፈም። «እናትህ ደኅና ናት» ብቻ አለኝ። እሱ ሳያሾፍ ሲቀር ነው የፈራሁት።

ፎቶ አልፈልግም። ስሜም አይጻፍ። የሆነውን ብቻ ይጻፉልኝ። ቃል የገቡላትንም ቢሆን።

አንዱአምላክ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአንዱአምላክ

አስቀድመህ ይህን እወቅ፦ እናትህ በሕይወት አለች፣ ትሠራለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። ቀኝ ዓይኗ ግን መሃሉን አያይም። ከጠየቅኸኝ ወዲያ ቃሌን መጠበቅ አልችልም፤ ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነው እጽፍልሃለሁ።

ገሳይ ስደርስ ቴሌስኮፑ ከግቢው መሃል ቆሟል። አፉ ላይ ክብ ጥቁር ነገር በፕላስተር ተለጥፎበታል። አባትህ ከማረፉ በፊት ሐኪም ቤት የተነሳው የደረት ራጅ ነው። በእኛ አገር ራጅን ሁሉም ሰው «ፊልም» እንደሚለው ትዝ ይልሃል። በየቤቱም ፍራሽ ሥር ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ማንም አይጥለውም። እናትህ ጥቁር የሆነውን መርጣ፣ ከሳንባው ላይ፣ በመቀስ አስተካክላ ቆርጣዋለች። አቆራረጧ እንከን የለበትም። ጨለማ መሆን ግን መከላከል አይደለም። ለዓይን ጥቁር የመሰለ ነገር ዓይን የማያየውን ሙቀት ሊያሳልፍ ይችላል። ጥር ላይ የማይሆኑትን ስዘረዝርልህ ራጅን አልጻፍሁም፤ ለእሷም አልነገርኋትም። ይህንንም ከሆነው ጋር ቁጠረው።

ማን ማን አየበት ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ብቻ» አለችኝ።

«ልጆቹስ?»

«አላየም፣ ማንም። ልጆቹ የሚመጡት ቅዳሜ ነበር። እኔ ዓርብ አየሁት።»

«ለምን ቀደምሽ?»

ወንድሟ ሆኜ ይህን መጠየቄ የገረማት ይመስለኛል። «ወንድም ጋሼ፣ ጠላ ሳልቀምስ ለሰው ቀድቼ አውቃለሁ ወይ?» አለችኝ።

ቱቦውን በጥላው አነጣጥራለች፤ እኔ እንዳሳየኋት። ስታይ ምንም አላመማትም። ፀሐይዋን ቀይ ክብ ሆና አየቻት፣ ደስ አላት፣ እስኪበቃት አየች። ማታ ላይ ዳዊቷን ስትከፍት የምታነበው ቃል ጠፋ። ከላይ ያለው መስመር አለ፣ ከታች ያለው አለ፣ የምታየው የለም። በነጋታው ልጆቹ ሲመጡ ዕቃው ተበላሽቷል ብላ መለሰቻቸው። ተሰልፈው ሊያዩ የነበሩት የሁለት ክፍል ልጆች ናቸው። አንዱም አልተነካ።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ቃል የገባሁላትም እሱን ነበር። ግራ ዓይኗ ከዓመት በፊት ጀምሮ ሞራ ለብሷል። ቃል ያስገባችኝ አንተ እንዳትሰማ ብላ ነው። ስለዚህ በቴሌስኮፑ ያየችው በደኅናው ዓይኗ ነው። ማንም ሰው ቢሆን የሚያደርገው ነው።

ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። የቀኙ ቃጠሎ መድኃኒት እንደሌለው፣ በወራት ውስጥ ጥቂት ሊመለስ እንደሚችል፣ ላይመለስም እንደሚችል ነገረን። የግራው ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይነሳል።

አሁን እንዴት እንደምትኖር ልንገርህ። ክር በመርፌ ማስገባት ትታለች። ላም ማለብ አልተወችም፤ ጣቷ ያውቀዋል። አንድ ቀን ያንተን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ወደ በሩ ብርሃን ይዛ አየኋት። ኮትህን ታያለች፣ ፀጉርህን ታያለች፤ ፊትህ ያለበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ተቀምጧል። ፎቶውን ወዲያ ወዲህ ብታደርግ ግራጫው አብሮ ይሄዳል።

በቴሌስኮፕ ደካማ ኮከብ የሚያይ ሰው የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። ኮከቡን ትክ ብለህ ካየኸው ይጠፋል፤ ከጎኑ ካየህ ይመጣል። «ፊቱን አትፈልጊ፣ ጆሮውን እዪ» አልኋት። ብዙ ጊዜ ዓይኗ እየሸሸ ወደ መሃል ተመለሰባት። በኋላ ፎቶውን ወዲያ ወዲህ ማድረጉን ተወች።

«መጣ?» አልኋት።

«መጣ። ጆሮው እኮ የአባቱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፊቱን ሳይ ጆሮውን አላየሁትም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትለማመዳለች። የዳዊቱ ፊደል ግን አንሶባታል።

ማጣሪያውን ጨርሻለሁ። የላክኸውን ፊልም ሳልወጥር፣ እንደ ተጨማደደ፣ በቀለበቶቹ መሃል አስገባሁት፤ ከተወጠረ ይጎዳል፣ መጨማደዱ ግን ምስሉን አይጎዳውም። አምፖል ላይ ይዤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ እንኳ ብርሃን እንደማታሳልፍ አረጋገጥሁ። ለልጆቹ ከማሳየቴ በፊት እኔ ቀመስሁ። ከዚያ ልጆቹ በተራ አዩ፤ በፀሐይዋ ፊት ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በደብተራቸው ሣሉ። ዘውዱም አየ፤ አይቶ ሲጨርስ ቆቡን አውልቆ ቆመ። በመጨረሻ እናትህ መጣች። አይሆንም ልላት ነበር። «ልጄ የላከውን ልየው» አለች። በሞራው ዓይኗ አየች። «ሙልሙል ትመስላለች» አለች፤ ዳቦውን ማለቷ ነው፣ ለቡሄ የምትጋግርላችሁን።

አሁን የምጠይቅህ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ወደ ደብረ ታቦር ይመጣሉ። ምዝገባው የሚያበቃው ሐምሌ ስምንት ነው። እናትህ አልመዘገብም ብላለች። «የቀረችኝን ብልጭታ እንዳታጠፉብኝ» ትላለች። ያንተን ቃል ግን ትሰማለች፤ «አንዱ እሺ በይ ካለኝ እሺ እላለሁ» ብላ በዘውዱ ፊት ተናግራለች።

በስልክ አትንገራት። በስልክ የተነገራት «ፊልም» ነበር። ጽፈህ ላክ። ፊደሉን ትልልቅ አድርገህ፣ በአንድ መስመር ከሁለት ቃል አታብዛ፤ ጎን ጎኑን እያየች ራሷ ታነበዋለች፣ እኔ እንዳነብላት አትፈልግም። ለቡሄ የምትመጣ ከሆነ እመጣለሁ በላት። መምጣትህን የማታውቅ ከሆነ አላውቅም በላት፤ ያንንም ማንበብ ትችላለች።

ደብዳቤ ከአንተ እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን አንብበህ ስትጨርስ፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ መልሱን ጻፍላት።

አጎትህ ገሰሰ